የወንጀል ፖድካስት በልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ውስጥ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር ጸሐፊዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድሬዳዋና ሐረር ውስጥ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ የሚጽፉ ወጣቶች ረቂቃቸውን እንዳነብላቸው ይልኩልኛል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በብዙዎቹ ረቂቆች ውስጥ አንድ ዓይነት ገጸ ባሕርይ አገኛለሁ። ማይክ ይዞ የቆየ ግድያ የሚቆፍር የፖድካስት፣ ማለትም በኢንተርኔት በየክፍሉ የሚለቀቅ የድምፅ ፕሮግራም አዘጋጅ ነው። ገጸ ባሕርይውን እወደዋለሁ። ግን ይዟቸው የሚመጡ ከባድ ጥያቄዎች አሉ። ጸሐፊዎቹም ደጋግመው ይጠይቁኛል። መልሶቼ ሁሉ የሚነሱት ከአንድ እምነት ነው። የሰው ሞት ወሬ ባለቤት አለው። ባለቤቱ ጸሐፊው አይደለም።

ታሪኩ ፈጠራ ነው፣ ፖድካስቱም ፈጠራ ነው። የሥነ ምግባር ጥያቄው ከየት መጣ?

ከሁለት ቦታ ነው የሚመጣው። አንደኛው ምንጩ ነው። እስካሁን ካነበብኳቸው ረቂቆች ብዙዎቹ ሥር ከተማው የሚያስታውሰው እውነተኛ ሞት አለ። ጸሐፊው ልጅ ሆኖ ሲወራ የሰማው ነው። አንዳንዴ ጸሐፊው ራሱ ከዚያ ወሬ እንደተነሳ አያስተውልም።

ሁለተኛው አንባቢው ነው። ፖድካስተሩ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲሆን አንባቢው ከእሱ ጋር ይሰለፋል። አብሮት በር ያንኳኳል። የሟች እናት «ልጄ፣ ተወኝ» ስትለው፣ አንባቢው በልቡ «አይ፣ ትናገር እንጂ» ይላል። ይህን ምኞት የፈጠራችሁት እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ኃላፊነቱም የእናንተ ነው።

የወንጀል ታሪክ መውደድ ራሱ ነውር አይደለም። ከስልክና ከኢንተርኔት ጋርም አልመጣም። ወላጆቻችን «ፖሊስና እርምጃው» ጋዜጣን እየተቀባበሉ ያነቡ ነበር። ሰው ክፉ ነገር ለምን እንደሚደረግ ማወቅ ይፈልጋል። እኔም እፈልጋለሁ።

ከመርማሪ ፖሊስ ይልቅ ፖድካስተርን ዋና ገጸ ባሕርይ ማድረግ ምን ይጠቅማል?

መርማሪ ፖሊስ ገደብ አለበት። የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ማቅረብ አለበት። ምርመራው ካላለቀ የጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ዳኛው ቢበዛ 14 ቀን ይሰጠውና መልሶ ይጠይቀዋል። ፖድካስተር ግን ሥልጣንም የለው፣ የሚጠይቀው አለቃም የለው። ያለው ድምፁና አድማጩ ብቻ ነው። ልብ ወለዱ የሚጥመው በዚህ ምክንያት ነው። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ረቂቃችሁ ይህን ካልነካ፣ ፖድካስተሩ መታወቂያ የሌለው ፖሊስ ከመሆን አያልፍም።

እዚህ ከተማ የተፈጸመ እውነተኛ ግድያ ወስጄ ስም ብቀይርስ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። አጭሩ መልስ፦ ስም መቀየር አይበቃም።

ድሬዳዋ ሰፊ ከተማ ናት፤ ወሬዋ ግን ጠባብ ነው። ጠዋት ከዚራ ጥላ ሥር የተነገረ ነገር ከሰዓት በርጫ ላይ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ይደርሳል። ሐረር ጀጎል ውስጥማ ግድግዳው ራሱ የጋራ ነው። የሟቿን ስም ለውጣችሁ፣ ሳቢያን ያለውን ቤቷን፣ ባጃጅ ነጂ ወንድሟን፣ ከሠርጓ በፊት የነበረውን ሳምንት እንዳለ ከተዋችሁት ሰፈሩ በመጀመሪያው ምዕራፍ ያውቃታል። እናቷም ታውቃታለች።

ከአማርኛ ልብ ወለድ አንድ የታወቀ ነገር ላንሳ። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም የገጸ ባሕርያቱ ስም የፈጠራ ነበር። አንባቢው ግን ከስሞቹ ጀርባ ያሉትን ባለሥልጣናት ለይቶ አወቃቸው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ይህን የማነሳው ለማስፈራራት አይደለም። ስም ሲቀየር አንባቢ እንደማይሞኝ ለማሳየት ነው። ደግሞ ልዩነቱን አስተውሉ። በዓሉ የነካው ጉልበተኞችን ነው። እኛ በወንጀል ታሪክ የምንነካው አብዛኛውን ጊዜ መልስ መስጫ መድረክ የሌላቸውን ሰዎች ነው።

ከዚህ የሚብስም አለ። ፍርድ ቤት ያልፈታውን ጉዳይ ልብ ወለዳችሁ ይፈታዋል። በመጽሐፉ ገዳዩ የእንጀራ አባት ከሆነ፣ በእውነተኛው ጉዳይ ውስጥም አንድ የእንጀራ አባት ካለ፣ ሰውየው ላይ ፈርዳችኋል። ይግባኝ የሚልበት ቦታ የለውም። በነፃ ተለቆ ኖሮ ሊሆን ይችላል። ከናካቴው ተጠርጥሮ የማያውቅም ሊሆን ይችላል። ነገ ገበያ ሲወጣ የሚያየው ዓይን ግን ይለወጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከእውነተኛው ጉዳይ ጥያቄውን ብቻ ውሰዱ። ለምሳሌ «ጎረቤት ሁሉ ጩኸቱን ሰምቶ ማንም ለምን በር አልከፈተም?» የሚለው ጥያቄ የማንም ንብረት አይደለም። የዝምድናውን መረብ፣ ዘመኑን፣ ሙያውን፣ የሞቱን ምክንያትና መንገድ ግን ከመሠረቱ አዲስ አድርጉት። ስትጨርሱ ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው አንብቦ «ይህቺ እከሊት ናት» ካላለ ተሳክቶላችኋል።

የሟች ቤተሰብን ማስፈቀድ አለብኝ?

ታሪኩ ከእውነተኛ ሞት ጋር የሚታይ ዝምድና ካለው፣ አዎ።

መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን። ዘመድ ቀድሞ ይመክራል። በማለዳ ይኬዳል። ልብ ድካም ያለባት እናት ካለች አጠገቧ ማን እንደሚቀመጥ ይታሰባል። ማን ቃሉን እንደሚያወጣ ይወሰናል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለአንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ፖድካስት ግን ያንኑ ሞት በማንኛውም ሰዓት፣ በማንም ጆሮ፣ ከበስተጀርባ ሙዚቃ ጋር ይለቀዋል። እህት ታክሲ ውስጥ ከሹፌሩ ስልክ ልትሰማው ትችላለች። እናት ልጇ እንዴት እንደሞተ በማታውቀው ሰው ድምፅ ስትሰማ፣ «ለቀባሪው አረዱት» ይሏል ይህ ነው።

የዓለምን የወንጀል ፖድካስት መልክ የቀየረው እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው የአሜሪካው «ሲሪያል» ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ባልቲሞር ውስጥ የተገደለችን የ18 ዓመት ተማሪ ጉዳይ እንደገና መረመረ። ተማሪዋ ሄ ሚን ሊ ትባላለች። የተፈረደበት የቀድሞ ፍቅረኛዋ አድናን ሳይድ ነው። ሚሊዮኖች አዳመጡት። የሟቿ ቤተሰብ ግን በፕሮግራሙ ላይ አልተናገረም።

የኋላው ታሪክ ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ፍርዱ ተሰረዘና ሳይድ ከእስር ወጣ። ለሟቿ ወንድም የተነገረው ዓርብ ነበር። ችሎቱ ሰኞ ነበር። እሱ የሚኖረው ደግሞ በአገሪቱ ሌላኛው ጫፍ፣ ካሊፎርኒያ ነው። ወንድምየው ይግባኝ አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለቤተሰቡ በቂ ጊዜ ተሰጥቶ አልተነገረም በማለት የተሰረዘውን ፍርድ መለሰው። በ2024 የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህንኑ አጸና። በ2025 ሳይድ ወደ እስር እንዳይመለስ ሌላ ችሎት ቅጣቱን አስተካከለ፤ ጥፋተኛነቱ ግን እንዳለ ቀረ። ልብ በሉ። ያን ሁሉ ክርክር ያስነሳው ማን ገደለ የሚለው አልነበረም። ለሟቿ ቤተሰብ በአግባቡ ተነግሯል ወይ የሚለው ነው። እኛ በባህል የምናውቀውን ነገር ፍርድ ቤት በሕግ ቋንቋ ተከራከረበት።

ማስፈቀድ ካለባችሁ በስልክ አይሁን። ቤተሰቡ የሚያከብረው ሽማግሌ ይቅደም። ምን እንደምትጽፉ፣ ምን እንደማትጽፉ በግልጽ ንገሩ። ጊዜ ስጡ። አንድ የቤተሰብ አባል ፈቀደ ማለት ሁሉም ፈቀዱ ማለት አይደለም። እምቢ ካሉ ሌላ ታሪክ ጻፉ።

ታሪኩ ሙሉ በሙሉ ፈጠራ ከሆነስ? ያኔ ፈቃድ መጠየቅ ያለበት የእናንተ ፖድካስተር ነው። በገጹ ላይ ይጠይቅ። ይከልከል። ተከልክሎ ምን እንደሚያደርግ እናያለን። እኔ እስካሁን ካነበብኳቸው ትዕይንቶች ሁሉ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥለው ይህ ነው።

በሽምግልና የታረቀ ደም ፖድካስተሬ ቢቆፍርስ?

ይህን ጥያቄ ያመጣው የሐረር ልጅ ነው። ከሌላ አገር መጽሐፍ የማይቀዳ፣ የእኛ የራሳችን ታሪክ ነው።

በምሥራቁ ክፍል የግድያ ጉዳይ በፍርድ ቤት ብቻ አያልቅም። በኦሮሞ ዘንድ ጉማ አለ። በሽማግሌ ፊት ሁለቱ ወገኖች ይቀርባሉ፣ ካሳ ይከፈላል፣ የዕርቅ ሥርዓት ይፈጸማል፣ ከዚያ በኋላ ደም ላይፈለግ ቃል ይገባል። ሶማሌዎች ጋ ደግሞ የደም ካሳ በጎሳ ደረጃ ይከፈላል። የኢሳዎች ያልተጻፈ ሕግ ሔር ኢሴ በ2017 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

እንግዲህ ፖድካስተራችሁ ከ20 ዓመት በፊት የታረቀ ጉዳይ ያገኛል እንበል። ካሳ የከፈለው ሰው ገዳዩ እንዳልነበር የሚያሳይ ማስረጃ ይደርሰዋል። እውነቱ አንድ ሰው ከተሸከመው ሐሰተኛ ስም ያድነዋል። በሌላ በኩል የዕርቁ መሠረት ይናጋል። ልጆቻቸው ተጋብተው ሊሆን ይችላል። የልጅ ልጆች አብረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አዲሱ ተጠርጣሪ ከሌላ ጎሳ ከሆነስ?

«እውነት ሁልጊዜ ይውጣ» የሚል መልስ እዚህ ላይ በቂ አይመስለኝም። «ይቅር፣ ተዳፍኖ ይኑር» የሚለውም ያንን ያለጥፋቱ ደመኛ የተባለ ሰው ይበድላል። የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። ፖድካስተሩ ወደ ማይኩ ከመሄዱ በፊት ወደ ሽማግሌዎቹ ይሂድ። ዕርቁን የሠሩት እነሱ ናቸው፤ የሚፈቱበትን መንገድም ያውቃሉ። ሽማግሌዎቹ እውነቱን ቀድመው ያውቁ እንደነበር ቢደርስበትስ? ለሰላም ብለው አንድ ንጹሕ ሰው እንዲከፍል ፈቅደው ቢሆንስ? ከዚህ በኋላ ያለው ልብ ወለድ ማንም ከእጁ የማያወርደው መጽሐፍ ይሆናል። እባካችሁ አንዳችሁ ጻፉት።

አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። የዕርቁን ሥርዓት ለጌጥ አትጠቀሙበት። የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ማን የት እንደሚቀመጥ፣ ማን ቀድሞ እንደሚናገር፣ ምን እንደማይባል። ያልተረዳችሁትን ክፍል ከመፍጠር ገጸ ባሕርይው ከውጭ ቆሞ ይጠብቅ።

የደቻቱን ጎርፍ ለሴራው ልጠቀምበት? ገዳዩ አስከሬኑን በጎርፉ የሚደብቅበት ሐሳብ አለኝ።

ሐሳቡ ለብዙ ሰው ይመጣል። ለሴራ በጣም ይመቻል። ለዚህም ነው ደግማችሁ እንድታስቡ የምጠይቀው።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ውሃው የወሰደባቸው ቤተሰቦች ዛሬም በዚያው ከተማ ይኖራሉ። መጽሐፋችሁ «ጎርፍ ወሰደው የተባለው ሰው በእርግጥ ተገድሎ ነበር» ሲል፣ የጠፋባቸው ሰዎች ይህን አንብበው ሌሊት ምን እንደሚያስቡ ገምቱ። ከሐዘን ሌላ ጥርጣሬ ትጨምሩባቸዋላችሁ። በቁስል እንጨት መስደድ ይሆናል።

ጎርፉን መጻፍ አይቻልም አላልኩም። የከተማው ታሪክ ነው፤ ሊጻፍም ይገባዋል። ግን እንደ መደበቂያ ሳይሆን እንደ ሐዘን ይጻፍ። ለሴራችሁ ውሃ ካስፈለጋችሁ፣ ድሬዳዋን የሚመስል ግን ስሙ የሌለ ከተማ ፍጠሩና የራሱን ወንዝ ስጡት።

ሟቹን ወይም ሟቿን እንዴት ልጻፍ?

በሕይወት። ብዙ ረቂቆች ሟቿን የሚያስተዋውቁን አስከሬን ሆና ነው። ቁስሏን በሦስት አንቀጽ እናውቃለን፤ ምን እንደሚያስቃት ግን አናውቅም። ዕቁብ ነበራት? ከማን ጋር ተኳርፋ ነበር? ሻይ ስንት ስኳር ትወስድ ነበር? ፖድካስተሩ ይህን የማይጠይቅ ከሆነ፣ አንድ ሌላ ገጸ ባሕርይ ይናገርለት። «ስለ እሷ አንድም ነገር ሳትጠይቀኝ ስለ ቢላዋው አምስት ጊዜ ጠየቅከኝ» ትበለው ጓደኛዋ።

ሟቿን መልአክ ማድረግም አያስፈልግም። ዋሽታ የምታውቅ፣ ብድር ያልመለሰች፣ ቀናተኛ ልትሆን ትችላለች። መገደል የማይገባት ጥሩ ስለሆነች አይደለም።

ፖድካስተሬ ምስክሮችን አንድ በአንድ ያነጋግራል። ችግር አለው?

አለው። ችግሩ ደግሞ ለልብ ወለድ ምርጥ ጥሬ ዕቃ ነው።

የሰው ትዝታ በጥያቄው አነጋገር ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ1974 አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤልዛቤት ሎፍተስና ባልደረባዋ ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳዩ። ለአንዱ ቡድን «መኪኖቹ ሲላተሙ ፍጥነታቸው ስንት ነበር?» አሉ። ለሌላው ከበድ ባለ ቃል፣ «ሲከሰካከሱ» በሚል ዓይነት ጠየቁ። ከባዱን ቃል የሰሙት ከፍ ያለ ፍጥነት ገመቱ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችሁ ነበር?» ሲባሉ፣ ከሁለተኛው ቡድን 50 ሰዎች 16ቱ «አዎ» አሉ። ከመጀመሪያው ቡድን 50 ግን 7 ብቻ ነበሩ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

አሁን ይህን ወደ ገንደ ቆሬ አምጡት። ፖድካስተሩ ለአንዲት ጠላ ሻጭ «ያን ቀን ሰውየው ተናዶ ሲወጣ አይተሽዋል?» ይላታል። ተናዶ መውጣቱን የጨመረው እሱ ነው። በሦስተኛው ክፍል እሷ ራሷ «ፊቱ ደም መስሎ ነበር» ትላለች። አልዋሸችም። በእርግጥ እንዲህ ታስታውሳለች። አንባቢው ግን የመጀመሪያውን ጥያቄ ያስታውሳል። ሰውነቱን ይቀፈዋል። ይህ ከየትኛውም የሌሊት ማሳደድ ትዕይንት ይበልጣል።

በእውኑ ዓለምም አጋጥሟል። አውስትራሊያ ውስጥ ሊኔት ዶውሰን የተባለች ሴት እ.ኤ.አ. በ1982 ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ2018 «ዘ ቲቸርስ ፔት» የተባለ ፖድካስት ጉዳዩን አነሳው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባሏ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ፖድካስቱ ራሱ ለፍርዱ ስጋት ሆነ። በአውስትራሊያ እንዳይደመጥ ተነሳ። ጉዳዩ ከተራ ዜጎች የሚመረጥ የፈራጆች ሸንጎ ሳይኖር፣ በዳኛ ብቻ ታየ። በችሎቱ የምስክሮቹ ትዝታ በፖድካስቱ ተለውጦ ይሆን የሚል ክርክር ተነሳ። ባልየው እ.ኤ.አ. በ2022 ጥፋተኛ ተባለ። ፖድካስቱ ፍትሕ አመጣ ማለት ይቻላል። ያንኑ ፍትሕ ሊያበላሸው ተቃርቦ እንደነበርም መካድ አይቻልም። ሁለቱንም የሚሸከም መጽሐፍ ማንበብ እፈልጋለሁ።

አድማጮቹ ራሳቸው ገዳዩን ማደን ቢጀምሩስ?

በአገራችን ድሮ ሌባ ሻይ የሚባል ነገር ነበር። ለአንድ ልጅ የሚያሰክር ነገር ይሰጠዋል። ልጁ እየተንገዳገደ ይሄዳል፣ ሕዝቡ ይከተላል። የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተባለ ማለት ነው። ይከፍላል። መከላከያ የለውም። የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የሚሯሯጥ የአድማጭ መንጋን ስትጽፉ ይህን አስታውሱ። ልጁም ተበድሏል፤ የወደቀበት ሰውም ተበድሏል። ተከታዩ ሕዝብ ግን ፍትሕ የሠራ ይመስለዋል።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሬዲት የተባለው የኢንተርኔት መወያያ ተጠቃሚዎች ፎቶ እያነጻጸሩ ተጠርጣሪ መፈለግ ጀመሩ። ከወር በፊት የጠፋ አንድ ተማሪ ላይ ተረባረቡ። ቤተሰቡ የዛቻና የስድብ ናዳ ወረደበት። ልጁ ከነገሩ ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በኋላ ሞቶ ተገኘ። ሬዲት ቤተሰቡን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ልጃቸውን እየፈለጉ የነበሩ ወላጆች ናቸው ይህ የደረሰባቸው።

በልብ ወለዳችሁ አድማጮቹ ቢሳሳቱ፣ የተሳሳቱበትን ሰው ለሁለት ገጽ ብቻ አምጥታችሁ አትጣሉት። ሱቁ ምን ሆነ? ልጆቹ ትምህርት ቤት ምን ተባሉ? ፖድካስተሩ «ማስተካከያ» ብሎ 40 ሰከንድ ሲናገር ማን አዳመጠ?

ሕጉ ምን ይላል?

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። ከመታተሙ በፊት የሚያሠጋችሁ ነገር ካለ ጠበቃ አማክሩ። መሠረታዊውን ግን ማወቅ አለባችሁ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ጥፋተኛ እስኪባል እንደ ንጹሕ የመገመት መብት ይሰጠዋል። አንቀጽ 24 ክብርና መልካም ስምን፣ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። አንቀጽ 29 ደግሞ ሐሳብን የመግለጽ ነፃነትን። ጸሐፊ የሚሠራው በእነዚህ መካከል ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 ሰውን እንዲጠላ፣ እንዲናቅ ወይም እንዲሳቅበት የሚያደርግ ንግግርና ጽሑፍን በጥፋት ያስጠይቃል። የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ ማሳየትን ደግሞ የዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 በመርህ ይከለክላል፤ የሽፋን ሥዕል ስትመርጡ አስቡት።

አንቀጽ 2044 የሚናገረው በሕይወት ስላለ ሰው ነው። ሟች በዚህ አንቀጽ አይከላከልም። ስለዚህ «ሕግ አይከለክለኝም» ብሎ የሚነሳ ጸሐፊ የሚጎዳው መናገር የማይችለውን ሰው ነው ማለት ነው።

ሌላም አለ። በምርመራ ላይ የተሰጠ የእምነት ቃል ቀርጾ ማሰራጨት በወንጀል ፕሮግራሞች የተለመደ ነው። ሕገ መንግሥቱ ማንም ተገድዶ የእምነት ቃል እንዳይሰጥ ይከላከላል። ፖድካስተራችሁ እንዲህ ያለ ቅጂ ከእጁ ከገባ፣ «ማን ቀረጸው? ሰውየው በምን ሁኔታ ላይ ነበር?» ብሎ ይጠይቅ።

የተጠርጣሪውን ብሔር ወይም ቋንቋ ልጥቀስ?

ታሪኩ ያለሱ የማይቆም ካልሆነ፣ አትጥቀሱ። ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪና አማርኛ በአንድ ግቢ የሚነገርበት ከተማ ውስጥ ነው የምንጽፈው። የአንድ ሰው ወንጀል የጎረቤቱ ዕዳ ሲሆን በዓይናችን አይተናል። አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን ይከለክላል፤ የእኔ ሐሳብ ግን ከአዋጁ በፊት የሚመጣ ነው። ገጸ ባሕርያት ማንነት ይኑራቸው፣ ቋንቋም ይኑራቸው። ግን ክፉው ብቻ አነጋገሩ ለየት ያለ እንዳይሆን። ፖድካስተሩ በአየር ላይ «የእነ እከሌ ወገን ነው» ብሎ ካመለጠው፣ መዘዙን አሳዩ።

በዚህ አጋጣሚ፦ ሁሉም ገጸ ባሕርይ በየዓረፍተ ነገሩ «አቦ» እያለ ድሬ አይሆንም። አንዳንዴ ይበቃል።

በታሪኩ ውስጥ የማስታወቂያ እረፍት ላስገባ? አንዳንዶች ሟችን ያዋርዳል ይላሉ።

አስገቡ። ያዋርዳል፤ ይህንኑ ነው ማሳየት ያለባችሁ። ስለ ልጅ ሞት ተነግሮ ወዲያው ስለ ዘይት ሲወራ አንባቢው ራሱ ይጎረብጠዋል። ገንዘቡን ማን እንደሚወስድም ይነገር። የሟች ቤተሰብ አንድ ሳንቲም እንደማያይ አንድ ሰው በግልጽ ይበል።

ፖድካስተሩ የግድ መጥፎ ሰው መሆን አለበት?

በፍጹም። እንዲያውም መጥፎ ሲሆን ታሪኩ ይቀላል። ጥሩ ሰው ጥሩ አስቦ የሚያደርሰው ጉዳት ነው ከባዱ።

በደንብ የተሠራ ሥራም አለ። «ኢን ዘ ዳርክ» የተባለው የአሜሪካ ፖድካስት እ.ኤ.አ. በ2018 የከርቲስ ፍላወርስን ጉዳይ ያዘ። ሚሲሲፒ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 አራት ሰዎች በተገደሉበት ጉዳይ አንድ ዓቃቤ ሕግ ይህን ሰው ስድስት ጊዜ አስከስሶታል። ጋዜጠኞቹ ለወራት ያህል እዚያው ሄደው ኖሩ። የፍርድ ቤት መዝገብ በእጃቸው እያገላበጡ ዓቃቤ ሕጉ ከሸንጎ አባላት ጥቁሮችን እንዴት ይቀንስ እንደነበር ቆጠሩ። ዋነኛው የእስር ቤት ምስክር መዋሸቱን ነገራቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርዱን ሻረ፤ በ2020 ክሱ ተቋረጠ። ሰውየው 23 ዓመት ገደማ ታስሯል።

ልዩነቱ ምን ይመስላችኋል? ገዳዩን በግምት አላሳደዱም። የመረመሩት ሥልጣን ያለውን ነው። ፖድካስተራችሁን መዝገብ ቤት አስገቡት። አቧራ ይዋጥ። ቀጠሮ ይጠብቅ። መዝገቡ የለም ይባል። ከመዝገብ ቤት ጸሐፊዋ ጋር ያለው ትግል ከሽጉጥ ያነሰ ልብ አያንጠለጥልም፤ ከጻፋችሁት።

ገዳዩ ሳይታወቅ መጽሐፉ ቢያልቅ አንባቢ ይናደዳል?

አንዳንዱ ይናደዳል። ግን ጥያቄውን ከመጀመሪያው «ማን ገደለ?» ብላችሁ ብቻ ካልተከላችሁት አይናደድም። «ይህ ሰው እናትየዋን ያናግራታል ወይስ ይተዋታል?» የሚለውም አንባቢን እስከ መጨረሻው ገጽ ይዞ መሄድ ይችላል። ይህ ጥያቄ ከተመለሰ መጽሐፉ አልቋል።

ረቂቄን ከማሳተሜ በፊት ማን ያንብብልኝ?

ሦስት ዓይነት ሰው። አንደኛ፣ ሴራውን የሚፈትሽ የልብ አንጠልጣይ አንባቢ። ሁለተኛ፣ ችሎት የሚያውቅ ሰው፤ ጠበቃ ወይም የቀድሞ መርማሪ። ሦስተኛው ብዙዎች የሚዘነጉት ነው። ለቅሶ ቤት የኖረ ሰው ያስፈልጋችኋል። ሐረር ከሆናችሁ አፎቻ (የሐረሪዎች ዕድር) ውስጥ የቆዩ አንዲት እናት፣ ድሬ ከሆናችሁ የዕድር ሰው። ማንበብ ካልቻሉ የለቅሶውንና የመርዶውን ክፍል አንብቡላቸው። ሳታቋርጡ ይስሙ። «እንዲህ አይባልም» ያሉበትን ቦታ ምልክት አድርጉ። ለምን እንደማይባል ጠይቁ። የሚነግሯችሁን ጻፉና ረቂቁን ከዚያ ቦታ ጀምራችሁ እንደገና ሥሩት።